ዝናርና ማዕረግ፤ ስለ ጥንታውያን አንግሎ ሳክሶኖች የቀበቶ ጌጥ

ሰው ወገቡን የሚታጠቀው ልብሱ እንዳይወርድበት ብቻ አይደለም። በብዙ ሕዝቦች ዘንድ ትጥቅ የአገልግሎትና የሹመት፣ የጀግንነትና የታማኝነት ምልክት ሆኖ ኖሯል። በቋንቋችን ለሥራ የቈረጠውን ሰው «ታጥቆ ተነሣ» እንለዋለን፤ የጦር መሣሪያውን «ትጥቅ» ብለን እንጠራለን፤ ድል የሆነውንም ወታደር «ትጥቁን ፈታ» እንላለን። መነኩሴም ከዓለም በሚለይበት ቀን ከቆቡ ጋራ ቅናት ይቀበላል። እንግዲህ መታጠቅ ማለት ለአንድ ሥራ ወይም ለአንድ ጌታ ራስን መስጠት መሆኑን ለመረዳት ለእኛ ብዙ ማስረጃ አያስፈልገንም። ከ5ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ ደሴት ይኖሩ የነበሩት አንግሎ ሳክሶኖች በየመቃብራቸው ትተዋቸው የሄዱትን የቀበቶ ጌጦች በምንመለከትበት ጊዜ፣ ይህንኑ አሳብ በባዕድ አገርና በባዕድ ቋንቋ ተጽፎ እንደምናገኘው ያህል ነው።

ነገሩን ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ለአንባቢዎቻችን እናስታውቃለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። ዳግመኛም «የቀበቶ ጌጥ» ስንል ጠፍሩ የሚገባበትን ዘለበት፣ ከዘለበቱ ጀርባ በጠፍሩ ላይ የሚመታውን ዝርግ ማዕድን፣ በጠፍሩ ጫፍ የሚሰካውን መጨረሻና በየመካከሉ የሚደረደሩትን ማጌጫዎች ሁሉ ማለታችን ነው። ጠፍሩ በምድር ውስጥ በስብሶ ይጠፋል፤ ነሐሱ፣ ብሩና ወርቁ ግን ይቀራል። ሊቃውንት የሚያነቡትም ይህን የቀረውን ነው። አንግሎ ሳክሶኖች ወደ ደሴቲቱ ከገቡ በኋላ ባሉት ከመቶ ዓመት በሚበልጡ ጊዜያት የራሳቸውን ታሪክ በመጽሐፍ ጽፈው አልተዉልንም። ስለ መምጣታቸው በሰፊው የጻፈው መነኩሴው ቤዳ መጽሐፉን የፈጸመው በ731 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ብዙው የታሪክ ክርክር በመቃብር ዕቃ ላይ ወደቀ፤ ከመቃብሩም ዕቃ ሁሉ ብዙ ክርክር ካስነሡት አንዱ ይኸው ዘለበት ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ ሰው የታጠቀው ዘለበት የሚነግረን ዘሩን ነውን? ወይስ ማዕረጉን?

የነገሩ መነሻ በሮማ መንግሥት ውስጥ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ወታደር ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ጸሐፊና ግብር ሰብሳቢም ጭምር «ኪንጉሉም» የሚባል ሰፊ ቀበቶ ይታጠቅ ነበር። የመንግሥት አገልግሎት፣ የጦርም ሆነ የጽሕፈት ቤት፣ በአንድ ስም ይጠራ ስለ ነበረ፣ ቀበቶውም የሁለቱም ምልክት ነበረ። ሹመት የተቀበለ ቀበቶ ይታጠቃል፤ ከሹመቱ የተሻረም ቀበቶውን ይፈታል። በዚህ ቀበቶ ላይ የሚመታው ነሐስ እንጨት በመሮ እንደሚጠረብ ሆኖ በጥልቅና በሹል መስመር የተቀረጸ፣ ብርሃን በወደቀበትም ጊዜ የሚያብረቀርቅ ነበረ። በዘለበቱ ዙሪያ እርስ በርሳቸው የሚተያዩ የዶልፊን ዓሣዎች ወይም የፈረስ ራሶች ይቀረጹበታል። ባለሥልጣኑ ከሩቅ ሲመጣ ፊቱ ሳይለይ ወገቡ ይለይ ነበር ማለት ይቻላል።

በ5ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የሮማ መንግሥት ሥልጣን በብሪታንያ ተቋረጠ። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው ዓመት 410 ነው። ሠራዊቱ ሄደ፤ ደመወዝ ቀረ፤ አዲስ ገንዘብም ወደ ደሴቲቱ መግባቱን አቆመ። ቀበቶው ግን አልቀረም። በ1874 ዓ.ም. በቴምዝ ወንዝ አጠገብ በዶርቸስተር ከተማ አቅራቢያ ዳይክ ሂልስ በሚባለው ጥንታዊ የአፈር ካብ ላይ ሠራተኞች መሬቱን ሲደለድሉ ከአንድ ወንድ መቃብር የእንዲህ ያለ ሰፊ ቀበቶ ጌጥ ወጣ፤ በዚያው ስፍራ ከተቀበረች ሴት ዘንድም በሰሜን ጀርመን ከተለመደው ዐይነት የሆነ የልብስ መርፌ ተገኘ። ዕቃው ዛሬ በኦክስፎርድ በአሽሞልያን ቤተ መዘክር ይገኛል።

በ1961 ዓ.ም. ሶንያ ቻድዊክ ሆክስና ደኒንግ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በብሪታንያ የተገኙትን እንዲህ ያሉ ዘለበቶች ሰብስበው፣ በየዐይነታቸው ለይተው በአንድ ጥናት አወጡ። ጥናቱም ዘለበቶቹን የታጠቁት ሰዎች ሮማውያን ለጥበቃ የቀጠሯቸው የጀርመን ወገን ወታደሮች ናቸው፣ አንግሎ ሳክሶኖችም ወደ ደሴቲቱ የገቡት በመጀመሪያ በእነዚህ ቅጥረኞች በር ነው የሚለውን አሳብ አስፋፋ። አሳቡ ብዙ ሰው ማረከ። ምክንያቱም ነገሩን ያቀልለዋልና፤ በካርታ ላይ ዘለበት በተገኘበት ስፍራ ሁሉ አንድ ነጥብ ማስቀመጥና «እዚህ የጀርመን ወታደር ነበረ» ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ዕቃውን እየመረመሩ የሄዱ ሌሎች ሊቃውንት ከባድ መቃወሚያ አመጡ። በመጀመሪያ፣ በፈረስ ራስ ካጌጡት ዘለበቶች ብዙዎቹ የተሠሩት በዚያው በብሪታንያ ነው እንጂ ከባሕር ማዶ የመጡ አይደሉም። ሁለተኛም፣ ቀበቶው የወታደር ብቻ ሳይሆን የጸሐፊም ምልክት ስለ ነበረ፣ በአንድ ከተማ ዘለበት መገኘቱ በዚያ ወታደር እንደ ነበረ አያረጋግጥም። ሦስተኛም፣ ከእነዚህ ዘለበቶች አንዳንዶቹ ከጊዜ በኋላ በአንግሎ ሳክሶን ሴቶች መቃብር ውስጥ ተገኝተዋል፤ አሮጌው የመንግሥት ዕቃ እየዞረ የሴት ወይዘሮ ጌጥ ሆኗል ማለት ነው። እንግዲህ ዘለበቱ አንድን ሰው ለአንድ መንግሥት እንዳገለገለ ወይም ማገልገል ክብር መሆኑን እንዳወቀ ይመሰክራል፤ እናቱ በምን ቋንቋ እሹሩሩ እንዳለችው ግን አይመሰክርም።

ለዚህም ከሁሉ የበለጠ ምስክር በኤሴክስ አውራጃ በቴምዝ ወንዝ ሰሜናዊ ዳርቻ በመኪንግ የተገኘው ነው። ማርጋሬትና ቶም ጆንስ የተባሉ ባልና ሚስት ከ1965 እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ ስፍራውን ቈፍረው አንድ ትልቅ የአንግሎ ሳክሶን ሰፈርና ሁለት መቃብሮች ገለጡ። 117 የሚል ቍጥር ከተሰጠው መቃብር የወጣው የቀበቶ ጌጥ ከነሐስ የተሠራ፣ ብር የተከተተበት፣ የሰው ፊትና የእንስሳ ምስል ያለበት ሲሆን፣ የተሠራውም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ቅርጹ የሮማ ሹም ቀበቶ ነው፤ የተቀበረበት ስፍራ ግን የአንግሎ ሳክሶኖች መቃብር ነው። የሠራው አንጥረኛ የሮማን ጥበብ የሚያውቅ ነበረ፤ ያሠራውም ሰው የቀድሞው መንግሥት ከፈረሰ በኋላ የቀድሞውን መንግሥት ክብር በወገቡ ላይ ሊያቆይ የወደደ ይመስላል። አገር ሲፈርስ ሰው ከፍርስራሹ መካከል አንሥቶ ለራሱ የሚያስቀረው ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች ያስቀሩት ማዕረግን ነበረ።

ሮማ ከተረሳችም በኋላ አንጥረኞቹ ሥራቸውን ቀጠሉ፤ ጌጡ ግን መልኩን ለወጠ። አሠራሩ እንዲህ ነበረ። በመጀመሪያ አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ወይም በሌላ ለስላሳ ነገር ያበጃል፤ ከዚያም ሁለት ክፍል ባለው የሸክላ ቅርጽ ውስጥ የቀለጠውን ነሐስ ወይም ብር ያፈስስበታል። ወርቅ ለመለበጥ ሲፈልግ ወርቁን ከባዜቃ ጋራ ለውሶ ይቀባውና በእሳት ያሞቀዋል፤ ባዜቃው ተንኖ ሲሄድ ወርቁ በነሐሱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ጥቁር መስመር ለማስገባት የሚፈልግ ከብርና ከድኝ የተዋሐደ «ኒኤሎ» የሚባል ነገር በተቀረጸው ጎድጓዳ ውስጥ ይሞላል። ከፍ ያለ ባለጠጋ ደግሞ በወርቅ ሽቦ ትንንሽ ክፍል አሠርቶ በየክፍሉ ጋርኔት የሚባል ቀይ ዕንቍ ያስገባበታል። ይህም ዕንቍ በቀደመው ጊዜ ከህንድና ከስሪላንካ፣ በኋላም ከማዕከላዊ አውሮፓ ከቦሄሚያ ይመጣ እንደ ነበረ በዘመናችን በተደረገው ምርመራ ታውቋል። ከዕንቍው በታች ልዩ ልዩ መስመር የታተመበት ስስ የወርቅ ቅጠል ይነጠፋል፤ ብርሃን በዕንቍው አልፎ ወርቁን ሲመታ ዘለበቱ እንደ ፍም ይበራል።

በዚህ ጌጥ ላይ የሚታየው ሥዕል በመጀመሪያ ሲመለከቱት የተወሳሰበ መስመር ብቻ ይመስላል። ቀስ ብሎ ሲመረመር ግን እዚህ ዐይን፣ እዚያ መንጋጋ፣ ከዚያም ጥፍር ይገኛል። የስዊድን ሊቅ በርንሃርድ ሳሊን በ1904 ዓ.ም. ይህን የእንስሳ ጌጥ ሥርዐት አበጅቶ በየዐይነቱ ለየው። በመጀመሪያው ዐይነት የእንስሳው አካል ተቈራርጦ ራሱ ከእግሩ ተለይቶ ይታያል፤ በሁለተኛው ዐይነት ደግሞ አካሉ እንደ ሪባን ረዝሞ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። ይህ ጥበብ የእኛን ሰምና ወርቅ ያስታውሰናል። ቸኵሎ የሚያልፍ ሰሙን፣ ማለት መስመሩን ያያል፤ ቆሞ የሚመረምር ግን በውስጡ ያለውን አውሬ ያገኛል። ከቀበቶው ባለቤት ጋራ ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚነጋገር እንግዳም ይህን ምሥጢር እንዲፈታ የተጋበዘ ነበረ።

ቀበቶ በዚያ ዘመን ሰዎች ዘንድ የቱን ያህል ክብር እንደ ነበረው የሚያሳይ አንድ ዕቃ በኬንት አውራጃ በፊንግልሻም ተገኝቷል። ስፍራውን ከ1959 እስከ 1967 ዓ.ም. ያስቈፈሩት ቀደም ብለን የጠቀስናቸው ሶንያ ቻድዊክ ሆክስ ናቸው። ከአንድ መቃብር የወጣው በወርቅ የተለበጠ ዘለበት ላይ የአንድ ሰው ምስል ተቀርጿል። ሰውየው በሁለት እጁ ሁለት ጦር ይዟል፤ በራሱ ላይ ቀንድ ያለው ቍር አድርጓል፤ የቀንዶቹም ጫፍ የአዳኝ ወፍ ራስ ነው። በቀረው አካሉ ላይ ምንም ልብስ የለበትም፤ ከወገቡ ላይ ግን ቀበቶ ታጥቋል። ሊቃውንት ይህን ምስል ከጦርነት አምላካቸው ከዎደን አምልኮ ጋራ ያያይዙታል። ለእኛ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀን፣ ሠዓሊው ልብሱን ሁሉ ገፍፎት ቀበቶውን አለመግፈፉ ነው። ለዚያ ዘመን ሰው ራቍትነት ልብስ ማጣት ሳይሆን ትጥቅ ማጣት ነበር ብንል ከእውነት የምንርቅ አይመስለንም።

የወንዶቹን ካነሣን የሴቶቹንም መተው አይገባንም። በወገባቸው ላይ ቢላዋ፣ ቍልፍና የቍልፍ ቅርጽ ያለው ከነሐስ የተሠራ ተንጠልጣይ ያደርጉ ነበር። ይህ ተንጠልጣይ በር የሚከፍት አይደለም፤ የቤቱ አዛዥ እርሷ መሆኗን የሚያስታውቅ ምልክት እንደ ነበረ ይታመናል። ከዚሁ ጋራ አንዳንድ ሴቶች አፉ በዝሆን ጥርስ ቀለበት የተያዘ ከረጢት በወገባቸው ያንጠለጥሉ ነበር። የዝሆን ጥርሱ ከወዴት እንደ መጣ ብዙ ጊዜ ሲያጠያይቅ ከኖረ በኋላ፣ በሊንከንሻየር አውራጃ ከተገኙት ቀለበቶች ላይ የተደረገ ምርመራ በ2023 ዓ.ም. ታተመ። ምርመራውም ጥርሱ የአፍሪካ ዝሆን መሆኑንና ዝሆኑም በእሳተ ገሞራ ዐለት ምድር የኖረ መሆኑን አሳየ፤ ተመራማሪዎቹም መነሻው የአክሱም መንግሥት ምድር ሊሆን እንደሚችል ገለጡ። ይህ ለእኛ እንግዳ ወሬ አይደለም። በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስን ያየው ነጋዴ ኮስማስ ከኢትዮጵያ የዝሆን ጥርስ በመርከብ ወደ ሮማውያን፣ ወደ ፋርስና ወደ ህንድ ይሄድ እንደ ነበረ ጽፎልናል። እንግዲህ አዱሊስን ስሟን እንኳ ያልሰማች አንዲት የሰሜን ባሕር ወይዘሮ የአፍሪካን ዝሆን ጥርስ በወገቧ አንጠልጥላ ወደ መቃብር ወርዳለች።

ከዚህ ቀጥለን ከዘለበቶች ሁሉ ወደሚበልጠው እንሻገር። በሰፎክ አውራጃ ሰተን ሁ በሚባል ስፍራ ወይዘሮ ኢዲት ፕሬቲ በርስታቸው ላይ ያሉትን የአፈር ጕብታዎች እንዲመረምር ባዚል ብራውን የሚባል ሰው ቀጠሩ። ብራውን በትምህርት ቤት ሳይሆን በራሱ ትጋት የተማረ ሰው ነበረ። በ1939 ዓ.ም. ከትልቁ ጕብታ ሥር 27 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መርከብ አሻራ ወጣ፤ እንጨቱ በስብሶ ጠፍቷል፤ ሚስማሩ ግን በየተራው ቆሟል። በመካከሉም የንጉሥ መቃብር የሚመስል ክፍል ተገኘ። አፈሩ አሲድነት ያለው በመሆኑ የሟቹ አካል ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር። በወገቡ ላይ የነበረው የወርቅ ዘለበት ግን እንደ ተሠራበት ቀን ሆኖ ተገኘ።

ይህ ዘለበት 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት፣ ከ400 ግራም በላይ ክብደት አለው። በፊቱ ላይ እባቦች፣ አዳኝ ወፎችና አራት እግር ያላቸው አውሬዎች፣ በጠቅላላው 13 ፍጥረታት ተጠላልፈው ተቀርጸዋል፤ መስመራቸውም በኒኤሎ ጠቍሯል። ዘለበቱ ባዶ ሣጥን ነው፤ ጀርባው በማጠፊያ ይከፈታል። በውስጡ የተቀደሰ ነገር ይቀመጥበት ይሆናል የሚሉ አሉ። በዚያው ዘመነ መንግሥት አቅራቢያ የወጣው የኬንት ነገሥታት የህሎትሄሬና የኤድሪክ ሕግ ለተገደለ መኰንን የሚከፈለውን የደም ካሣ 300 ሺሊንግ ያደርገዋል፤ የዚህም ዘለበት ወርቅ ከዚያ ካሣ ጋራ የሚቀራረብ መሆኑን ሊቃውንት ገምተዋል። የአንድ መኰንን ነፍስ ዋጋ በአንድ ንጉሥ ወገብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው። ከዘለበቱ ጋራ በቦርሳ ውስጥ የተገኙት 37 የፈረንጅ ወርቅ ገንዘቦች የተቀበረበትን ጊዜ ወደ 7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለሚያደርሱት፣ ብዙዎቹ ሊቃውንት ሟቹ በ624 ወይም በ625 ዓ.ም. ገደማ የሞተው የምሥራቅ አንግልያ ንጉሥ ሬድዋልድ ነው ይላሉ። በ1939 ዓ.ም. ነሐሴ የተሰየመው የአገሩ ዳኝነት ሀብቱ የባለ ርስቷ ነው ብሎ ፈረደላቸው፤ ወይዘሮ ፕሬቲም ሁሉን ለብሪቲሽ ሙዝየም በስጦታ አበረከቱ።

ቤዳ እንደሚነግረን ንጉሥ ሬድዋልድ በአንድ ቤተ ጣዖት ውስጥ አንዱን ለክርስቶስ፣ ሌላውን ለቀድሞ አማልክቱ ሁለት መሠዊያ አቁሞ ነበር። ከሮማ የተላከው አውግስጢኖስ በ597 ዓ.ም. ኬንት ከገባ በኋላ የዚያች አገር ልብ እንዲሁ በሁለት መንገድ ቆሞ ነበርና፣ ዘለበቶቹም ይህንኑ ያሳያሉ። በ2003 ዓ.ም. በኤሴክስ በፕሪትልዌል ከተከፈተው የመኳንንት መቃብር ሥዕል የሌለበት ለስላሳ የወርቅ ዘለበትና ከስስ ወርቅ የተቈረጡ ሁለት መስቀሎች አብረው ተገኙ። በኬንት በክረንዴል የተገኘው ዘለበት ደግሞ በመካከሉ ከፍ ብሎ የሚታይ የወርቅ ዓሣ አለበት፤ ዓሣም የቀደሙ ክርስቲያኖች ምልክት መሆኑ የታወቀ ነው። በፊንግልሻም ጦረኛ የቆመበት ስፍራ ላይ በክረንዴል ዓሣ ተተካ። ወገቡ ያው ወገብ ነው፤ የሚታጠቁለት ጌታ ግን ተለወጠ። ከዚህ በኋላ ቀበቶዎች እየጠበቡ፣ ዘለበቶችም እያነሱና ጌጣቸው እየቀለለ ሄደ፤ ከ7ኛውም ክፍለ ዘመን ማለቂያ ገደማ ጀምሮ ሙታንን ከነዕቃቸው መቅበር በአብዛኛው ቀረ። ባለጠጎች ወርቃቸውን ከመቃብር ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን መስጠት ጀመሩ።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። በ2022 ዓ.ም. የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በእንግሊዝ አገር ከተቀበሩ 278 ጥንታውያን ሰዎች ዐፅም የዘር ቅመም መርምሮ፣ በምሥራቅና በደቡብ እንግሊዝ የኖሩት የዚያ ዘመን ሰዎች የዘራቸው 76 ከመቶ ያህሉ ከሰሜን ባሕር ማዶ፣ ከዛሬዎቹ ጀርመን፣ ሆላንድና ዴንማርክ አካባቢ የመጣ መሆኑን አረጋገጠ። ስለዚህ ስደቱ እውነት ነው፤ ብዙ ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ ገብቷል። ነገር ግን ይኸው ጥናት ከጦር መሣሪያ ጋራ የተቀበሩት ወንዶች የባሕር ማዶ ዘርም የአገሬው ዘርም ያላቸው መሆናቸውን፣ ልዩነትም እንዳልተደረገባቸው አሳይቷል። በአንድ መቃብር ስፍራ፣ በአንድ ዐይነት ክብር፣ ጦራቸውን ይዘው ጎን ለጎን ተኝተዋል። በደም ምንጭ የሚለያዩትን በማዕረግ አንድ ያደረጋቸው ትጥቃቸው ነው።

ስለዚህ ዕቃን አይቶ ዘርን መቍጠር የቸኰለ ፍርድ ነው እንላለን። በካርታ ላይ ነጥብ ያስቀመጡት ሊቃውንት ዕቃውን በሚገባ ሰብስበውልናል፤ ከዕቃው ግን ዕቃው የማይናገረውን ጠየቁት። ዘለበት የተናገረው አንድ ሰው ለማን እንዳገለገለ፣ በማን ፊት እንደ ተከበረና ምን ሊመስል እንደ ወደደ ነው። ሮማ ስትሄድ የሮማን ቀበቶ ያልጣሉት፣ ዎደን ሲሻር ዓሣውን በወርቅ ያስቀረጹት ሰዎች በእርግጥ ከአንድ አባት የተወለዱ አልነበሩም። አንድ ሕዝብ የሆኑት በአንድ ልማድ ስለ ታጠቁ ነው።